ያለ ደም ከቅጥሩ ውጭ

መጋቢት 7፣ እሑድ። ረፋድ 4 ሰዓት።

ዛሬም ውጭ ቆምኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ማዶ፣ ወይራው ሥር። ከጎኔ ሌሎች ሴቶች ነበሩ። እነሱ የወር አበባ ላይ ስለሆኑ ነው የቆሙት፣ እንደ ደንቡ። እኔ ደም የለብኝም። ከመስከረም ወዲህ ጠብ ብሎ አያውቅም።

ቅዳሴውን የመራው ባሌ ነው። «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል ድምፁ ግንቡን ዘሎ መጣ። «ምስለ መንፈስከ» ብዬ በሹክሹክታ መለስኩ። ወዲያው አፈርኩ። ዋሽቶ የቆመ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል?

አሁን ቤት ነኝ። ሽሮው ምድጃ ላይ ነው። ልጄ ማኅሌት ለምን ከአያቷ ጋር እንዳልገባሁ ጠየቀችኝ። አሞኝ ነው አልኳት። ገና ስድስት ዓመቷ ነው፣ አመነችኝ። በሚቀጥለው ወርም ትጠይቃለች።

መጀመሪያ ላይ ተቃራኒው ነበር፣ ታስታውሻለሽ ደብተሬ። ሰኔ ላይ ቡሬ ሄጄ የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ በድብቅ ተወጋሁ። ከዚያ ደሙ መንጠባጠብ ጀመረ። አልቆም አለ። ፍልሰታን ሙሉ ውጭ ሆኜ አስቀደስኩ። የቄስ ሚስት! ሕፃናቱ ቆርበው አፋቸውን ሸፍነው ሲወጡ እያየሁ። ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ጠፋ። ነርሷ አስቀድማ ነግራኛለች፤ ይሄም ያም ያጋጥማል፣ አትደንግጪ ብላ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ በየሳምንቱ መግባት ጀመርኩ። ጥቅምትን፣ ኅዳርን፣ ታኅሣሥን፣ ጥርን። ሞኝ! ውጭ መቆሙን ረሳሁት።

ማንም ልብ አይልም፤ እማሆይ ግን ይላሉ። የባሌ እናት። ቆባቸውን ደፍተው ከሴቶች መግቢያ አጠገብ ነው የሚቀመጡት። የገባችውንም የቀረችውንም ያውቃሉ። በጥር አጋማሽ ከጓዳቸው ያቆዩትን ማር ይዘውልኝ መጡ። ሆዴን አይተው አማተቡና ሄዱ። ለልጃቸው ግን ነግረውት ኖሯል። ፊቱን እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ። ማኅሌትን አንሥቶ እስኪደክመው አሽከረከራት።

በሚቀጥለው እሑድ ውጭ ቆምኩ። እርጉዝ አይደለሁም ለማለት ሌላ መንገድ አልነበረኝም። እማሆይ ከቤቱ ጀርባ ሄደው ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እቆማለሁ።

ሽሮው ገነፈለ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ። ከሰዓት።

ት/ቤቱ በጦርነቱ እንደተዘጋ ነው። የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፣ ያለ ተማሪ። ጠመኔዬን ማኅሌት ግድግዳ ላይ ጨረሰችው። ጠዋት ምስር ለቀምኩ፣ ውኃ ቀዳሁ።

ዛሬ ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት ይህን ጊዜ ቃሬዛ ላይ ነበርኩ። ጎረቤቶቹ እየተፈራረቁ እስከ ቡሬ ተሸከሙኝ። ከቡሬ ፍ/ሰላም ሆስፒታል በመኪና። ያኔ መንገዱ ክፍት ነበር። ባይሆን ይህን አልጽፍም ነበር። ልጁ ወንድ ነው። ሞቶ ወጣ። ማኅፀኔ ተቀዶ ኖሯል፤ ሐኪሙ ሰፍቶ አተረፈኝ።

በማግሥቱ ሐኪሙ ሁለታችንም ባለንበት ተናገረ። ድጋሚ ካረገዘች ስፌቱ ሊተረተር ይችላል፣ ምጥ እንኳ ሳይጀምራት። ያኔ ከሆስፒታል አጠገብ ካልሆነች አትተርፍም። መርፌውን መከረን። ባሌ ጎንበስ ብሎ ሰማ። አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። ቤት ስንደርስ ግን ተናገረ። ፅንስ የሚገድል ነገር ካለበት ቤት መስቀል ይዤ አልገባም፣ ሌላውን ለፈጣሪ እንተው አለ። ክርክር የለም። በሰኔው ገበያ እኔ ለራሴ ወሰንኩ።

ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ያዢልኝ። ሆስፒታል ውስጥ ደም የነካውን ልብሴን በእጁ ያጠበው እሱ ነው፣ የሌላው ሰው አስታማሚ እየሳቀበት። በሰው ፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፣ ቄስ ይበልጣል እለዋለሁ። እዚህ ግን እሱ ነው። እኔ ብሞት ሌላ አያገባም፤ ቄስ ሁለተኛ ሚስት ካገባ ክህነቱ ይቀራል። ታዲያ ለኔ ባያስብ ለራሱ እንኳ አያስብም? ማን እንጀራ ሊያበላው ነው? ማን ማኅሌትን ሊያበጥር ነው?

ተናድጃለሁ። ይብቃኝ።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ። ማታ 1 ሰዓት።

ቡሬ ደርሼ መጣሁ፣ በእግር። በርበሬ ልሸጥ ብዬ ነው የወጣሁት። ገበያው ቀዝቅዟል። ዋናው መንገድ ዝግ ነው፣ መኪና የለም፣ ሱቁ ግማሽ በግማሽ ተዘግቷል። በርበሬውን በማይረባ ዋጋ ጥዬ ጤ/ጣቢያ ገባሁ። የመርፌው ቀን ደርሷል።

ነርሷ ሲ/ር ብርቱካን ከበሩ ስታየኝ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። መርፌው አልቋል። እንክብሉም አልቋል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም የለም። መድኃኒት የጫነ መኪና ወደ ቡሬ ከገባ ቆይቷል። ኮንዶም ሰጠችኝ። ቄስ ይበልጣልን አሰብኩትና ሳቅሁ። ሳቄ ወደ ልቅሶ ዞረ። በሩን ዘጋችልኝ።

ከዚያ ቁጭ አድርጋ እንደገና አስረዳችኝ። መጀመሪያ ቀን ስትነግረኝ ከፍርሃት ብዛት አልሰማኋትም ነበር። ዛሬ ሰማኋት። በየወሩ አንዲት እንቁላል ከማደሪያዋ ትወጣለች። «ውጪ» የሚላት ትእዛዝ የሚነሣው ከአንጎል ነው። መርፌው ውስጥ ያለው ነገር የሴት ገላ ራሱ ከሚሠራው ሆርሞን ጋር ይመሳሰላል፤ እርጉዝ ሴት ላይ የሚበዛው ዓይነት። ክንድ ሥጋ ውስጥ ይቀመጥና ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል። አንጎል እሱን ሲያገኝ ትእዛዙን ይተዋል። እንቁላሏ አትወጣም። ካልወጣች የወንዱ ዘር የሚያገኘው የለም። ደግሞ የማኅፀን በር ላይ ያለው ፈሳሽ ይወፍራል፣ ዘሩ ማለፍ ያቅተዋል። የማኅፀን ግድግዳም ስስ ሆኖ ይቆያል፤ ደሙ የቀረው ለዚህ ነው። የትም አልተጠራቀመም። ይኸው ነው። ልጆቹን ስለ ባቄላ አበባ ሳስተምር ኖሬ የራሴን አላውቅም።

ጥቂት ሳምንት ብዘገይ ግድ የለም አለች። መድኃኒቱ ከገላ ወዲያው አይጠፋም። እሷም እስከ አንድ ወር ብዘገይ ትወጋኛለች። ከዚያ ካለፈ ግን አትመኚው አለችኝ። ባረግዝ ደግሞ በምን አውቃለሁ? ሌላዋ ሴት ደሟ ሲቀር ትነቃለች። የኔ መጀመሪያውኑ ቀርቷል።

አንድ ወር ማለት ፋሲካ ነው።

እስከዚያ ጾሙ አለልኝ። በዐቢይ ጾም ባልና ሚስት አብረው አይተኙም፤ እሱ መደቡ ላይ፣ እኔ አልጋው ላይ። ጾሙ ይጠብቀኛል። ከፋሲካ በኋላ ግን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ሃምሳው ቀን ይመጣል።

ፍ/ሰላም ሆስፒታል መርፌው ሳይኖር አይቀርም ትላለች። እዚያ አንዲት ጓደኛዋ አለች፤ የሷን ስም ከጠሩላት ለሚመጣው ሰው ትሰጣለች። በረዶ አይፈልግም፣ ፀሐይ እንዳይመታው ብቻ። ካመጣሽው እዚሁ እወጋሻለሁ አለች። መኪና ቢኖር ቅርብ ናት ፍ/ሰላም። በእግር ሙሉ ቀን ነው። መንገዱ ላይ ደግሞ ተኩስ አለ።

እግሬ ላብ በላብ። ልተኛ።

መጋቢት 14፣ እሑድ።

ደብረ ዘይት። ዛሬ ገባሁ። ስብከቱ ስለ ዳግም ምጽአት ነበር፣ እሱ ነው የሰበከው። ቀኑን ማንም አያውቀውም አለ። የኔን እኔ አውቀዋለሁ አልኩ በልቤ።

ሳቄ መጣ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። እግዚኦ።

መጋቢት 21፣ እሑድ። ከሰዓት።

ምንም የለም። ስልክ አይሠራም። የቀበሌያችን ጤና ኬላ በሩ ተቆልፏል፤ ሠራተኛዋ ልጅ ወደ እናቷ አገር ሄዳለች። ሰሞኑን ወደ ፍ/ሰላም የሚሄድ ሰው ጠየቅሁ። ሁሉም ምን ሊያመጡልሽ ነው ይላል። ምን ልበል?

እማሆይ ለፋሲካ ሁለት ዶሮ ለይተው እያበሉ ነው። አንዷ ለኔ ናት። አሁን ገላሽ ጠገግ ብሏል፣ ከፋሲካ በኋላ ማርያም ትሰማናለች ይሉኛል። ደግ ናቸው። ደግነታቸው ያስፈራኛል። አንድ ወንድ የልጅ ልጅ ከአባቱ ጋር ሲቀድስ አይቼ ልሙት ይላሉ። ማኅሌት እየሰማች ነው።

እሱ ዛሬ ማገዶ ፈልጦልኝ ሄደ። ሳልጠይቀው።

መጋቢት 28፣ እሑድ። ማታ።

ታወቀብኝ።

ዛሬ ተራዬ ነበር፣ የውሸቱ ተራ፤ ሆሣዕና ላይ እንዳይውልብኝ አንድ ሳምንት አስቀደምኩት። ወይራው ሥር ቆምኩ። ከቅዳሴ በኋላ እማሆይ ተከትለውኝ መጡ። ማኅሌትን ከዶሮዎቹ ጋር ተጫወቺ ብለው አስወጧት። በሩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ጨርቁን አሳዪኝ አሉ።

አልገባኝም ነበር። ደገሙት። ወር አበባ ላይ ያለች ሴት ጨርቅ ታጥባለች፣ ጓሮ ታሰጣለች። ጓሮዬ ላይ ከጥር ጀምሮ ምንም አልተሰጣም። ሞዴስ ነው የምጠቀመው አልኩ። ከየትኛው ሱቅ አሉ። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው።

«ከእግዚአብሔር ደጅ ቆመሽ አትዋሺ፣ ልጄ» አሉኝ። አልጮኹም። «ምን ነክቶሻል? ይኼ የጤና አይዶል።»

ነገርኳቸው። ሁሉንም። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። መርፌውን፣ ሰኔን፣ ፍልሰታን፣ ማሩን። መጀመሪያ የጠየቁኝ ደሙ የት ሄደ ብለው ነው፤ ውስጥሽ ረግቶ አይገድልሽም ወይ? እንግዳ ካልተጠራ አልጋ አይነጠፍም አልኳቸው፤ ያልተነጠፈ ደግሞ የሚነሣ ነገር የለውም። ይህ ገባቸው። ቆየት ብለው ለዘለዓለም ነው ወይ አሉ። አይደለም፣ መርፌው ሲቆም ወራት ቢፈጅም ይመለሳል አልኩ። እኔ ግን እንዲመለስ አልፈልግም፣ ማኅፀኔ የተሰፋ ነው።

ምን? አሉ።

አያውቁም! ደብተሬ፣ አያውቁም ነበር። ልጃቸው የነገራቸው ድናለች ብሎ ብቻ ነው። ተቀዶ መሰፋቱን፣ ድጋሚ ካረገዝኩ የምሞት መሆኔን አልነገራቸውም። ዓመት ሙሉ ሳያውቁ ለሞቴ ሲጸልዩ ኖረዋል። ደረታቸውን መቱ። እኔ ምን ብዬ ነው ወንድ ልጅ ስጣቸው እያልኩ የከረምኩት፣ ወዮልኝ፣ ወዮልኝ እያሉ። ያዝኳቸው። እኔ ሳላለቅስ እሳቸው አለቀሱ። ቆባቸው ወድቆ ነጭ ፀጉራቸውን መጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

ሲሄዱ ይህን ነገር ለሱ እኔ እነግረዋለሁ አሉ። አይንገሩት ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አለፉኝ።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ። ጠዋት።

ነገሩት።

ትናንት ከሠርክ ጸሎት ሲመለስ ያውቅ ነበር። ጥምጥሙን ፈትቶ መደቡ ላይ አኖረ። መስቀሉን ግን ከእጁ አላወጣም። ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ፣ ያለውን አስታውሼ። አልወጣም። ቁጭ አለ።

አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ ይገድላል ወይ? አይገድልም አልኩ። ከምን አወቅሽ? እንቁላሏ ሳትወጣ ነው የሚያስቀራት፤ ካልወጣች ፅንስ የለም፣ የሌለ ነገር አይሞትም። ዘሩ ቢያልፍስ? በሩ ላይ ያለው ፈሳሽ ወፍሮ አያሳልፈውም። አምልጦ ቢያልፍስ? የሚያገኘው ነገር የለም። አስቀድሞ የተፀነሰ ካለስ፣ ያወጣዋል? አያወጣውም፣ ሲ/ር ራሷ ነግራኛለች። ከግራም ከቀኝም ጠየቀኝ። ቅኔ ቤት እንዳደገ ሰው ቃሉን እያገላበጠ። እኔም መለስኩ። ተማሪም ሆንኩ አስተማሪም ሆንኩ፣ አላውቅም። የዛሬ ዓመት ተቀምጦ እንዲህ ቢጠይቀኝ ኖሮ!

ከዚያ ጥምጥሙን አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ያ ሐኪም አይገድልም ብሎ ነበር? አለኝ። አዎ አልኩ። አልሰማሁትም አለ። የሞተው ልጅ ሬሳ እጁ ላይ ነበር ያን ሰዓት። ያንን እኔም ረስቼው ነበር።

መርፌውን ይቅር ብሎኛል መሰለኝ። ወይራው ሥር መቆሜን ግን አይደለም። ቅዳሴ ላይ ሰላም ስል አንቺ እየዋሸሽ ትሰሚኝ ነበር አለ። ያ ነው የጎዳው። ዓይኑ ቀላ። ጋቢውን ይዞ ወጥቶ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ አደረ።

እኔስ? እኔንስ ማን ይቅር ይበለኝ፣ ማንንስ እኔ ይቅር ልበል? እሱም እኮ ለናቱ አልተናገረም። አላውቅም። ደክሞኛል።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ። ሆሣዕና። ማታ 1 ሰዓት።

ሳምንቱን በቃል አልተነጋገርንም። ውኃ፣ ማገዶ፣ ማኅሌት፣ በቃ። ዛሬ ዘንባባ ይዞ መጣ። ለማኅሌት ቀለበት ሠራላት፣ ቀጥሎ ለናቱ፣ ቀጥሎ ሳያየኝ ለኔ። ጣቴ ላይ ነው አሁን።

ራት ላይ ድንገት ጠየቀኝ። መድኃኒቱ የት ነው ያለው? እስከ መቼ ነው የቀረሽ? ፍ/ሰላም፣ እስከ ፋሲካ አልኩ። የሲ/ር ብርቱካንን ጓደኛ ነገርኩት። በረዶ ይፈልጋል ወይ አለ። ረቡዕ ማለዳ ወጥቼ ለጸሎተ ሐሙስ ማታ እደርሳለሁ አለ።

አብደሃል ወይ አልኩት፣ አንተ ብዬ! ሰሙነ ሕማማት ነው። ቄስ በሕማማት ቤ/ክኑን ትቶ ይሄዳል? እኔ እሄዳለሁ። አልሰማኝም። ሴት ብቻዋን በዚያ መንገድ አትሄድም፣ ጥምጥምና መስቀል ያየ ሰው ከየትም ወገን ይሁን ያሳልፋል አለ። እንግዲያው ከፋሲካ በኋላም ለብቻ እንተኛ፣ መንገዱ እስኪከፈት አልኩት። እዚህ ላይ ነው ያሳዘነኝ። አንገቱን ደፋ። ጾም ሲኖር ጾሙ ይይዘኛል፣ ሲፈታ ግን በራሴ አልተማመንም አለ። ቄስ ሆኖ፣ ይህንን ለሚስቱ። ሌላ ወንድ ይምላል።

እማሆይ ማዶ ተቀምጠዋል። ይሂድ አላሉም፣ ይቅር አላሉም።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ። ጠዋት 12 ሰዓት።

ሄደ። ነጭ ጥምጥም፣ መስቀል፣ በትር። ቆሎና ዳቦ ቋጠርኩለት። እጁን ጭንቅላቴ ላይ አድርጎ ባረከኝ፣ እንደ ቄስ። ከዚያ ጉንጬን ነካ፣ እንደ ባል። የወይራው ዛፍ ጋ ሲደርስ ዞር አለ። እዚያው የምቆምበት ቦታ።

ለደብሩ አለቃ ምን ብሎ እንደሄደ አልነገረኝም።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ። ማታ።

ጉልባኑን ቀቀልኩ። ለእሱ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩ። እግር አጠባው ላይ ቦታው ባዶ ነበር። አለቃው በሰው መካከል እየፈለጉ ወዲህ ወዲያ አዩ።

አልመጣም። መንገድ ያስመሻል። ነገ ጠዋት።

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ። ስቅለት።

አልመጣም።

ቀኑን ሙሉ ስግደት። ውስጥ ገብቼ። ግንባሬ መሬት ሲነካ ጆሮዬ መንገዱ ላይ። ቀትር ላይ ከማንኩሳ አቅጣጫ ተኩስ ተሰማ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ከባድ ነገር። ሰው ሁሉ ቀና አለና ተመልሶ ሰገደ። እኔ ቀና ብዬ ቀረሁ። እማሆይ እጄን ይዘው ወደ ታች ሳቡኝ፤ ስገጂ፣ ለሱ ስገጂ።

ሰገድኩ። እስክወድቅ። ምን እንደምለምን ግን ጠፋኝ። ለአንድ ብልቃጥ መድኃኒት፣ አምላኬ። ለኔ።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ። ከሰዓት።

ቄጤማ ያዞሩት ዲያቆናት ናቸው፣ እሱ ነበር የሚመራቸው። ማኅሌት ራሷ ላይ አስራ አባቴ ሲመጣ ለሱም አስቀምጫለሁ ትላለች።

ወሬ መጣ። በአህያ ጨው የሚያመላልስ ሰው ከፍ/ሰላም ወገን ገባ። አወቀኝ፣ የቄሱ ሚስት አይደለሽም ወይ ብሎ። ሐሙስ ረፋድ ሆስፒታሉ በር ላይ አይቶታል። ትንሽ ነገር በመሐረብ ጠቅልሎ መስቀሉ ካለበት ኪስ ሲያስገባ አይቷል። አብረው ወጡ። አምሽተው ማንኩሳ አደሩ። ዓርብ ጠዋት ነጋዴው መንገዱ አስፈርቶት እዚያው ቆየ። ቄሱን ይቆዩ ቢለው ለስቅለት መድረስ አለብኝ ብሎ ቀደመው።

ዓርብ ጠዋት ከማንኩሳ ወጣ። ተኩሱ ቀትር ላይ ነበር።

መድኃኒቱን አግኝቶታል። ኪሱ ውስጥ ነው። ይህንን ብቻ አስባለሁ። ኪሱ ውስጥ ነው፣ ከመስቀሉ ጋር።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ። ፋሲካ። ጠዋት 1 ሰዓት።

ሌሊቱን ቤ/ክ ነበርን። ሁሉም ጧፍ ይዞ። አልተኛሁም።

ከቅዳሴ በኋላ አለቃው በሕዝቡ ፊት ጠሩኝ። ቄስ ይበልጣል ሕማማቱን ጥሎ የት ሄደ? ሰው ሁሉ ዞረ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ለኔ ነው፣ እንዳልሞት ነው፣ መርፌ ሊያመጣልኝ ነው ልል። ከእንግዲህ አልዋሽም፣ ውጭም አልቆምም ብዬ ነበር። እማሆይ ቀደሙኝ። በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እኔ ነኝ የላክሁት፣ አባቴ» አሉ። «ታምሜ ነው። መድኃኒት አምጣልኝ ብዬ። በደሉ የኔ ነው።»

በፋሲካ ሌሊት፣ መቅደሱ ፊት፣ መነኩሲት። ከደጅ ሆኜ በመዋሸቴ የገሠጹኝ ሴት። አለቃው ፊታቸውን ወደ መቅደሱ መለሱ። እኔም አላስተባበልኩም። ሲመጣ ራሱ ይናገራል። ሲመጣ እኔም እናገራለሁ።

ቀኑ ደረሰ፣ ያ ስፈራው የነበረው ፋሲካ። አልጋውም ባዶ ነው፣ መደቡም ባዶ ነው።

ዶሮዎቹን አላረድንም። እማሆይ ልጄ ሳይመጣ ጾሜን አልፈታም ብለዋል። እኔም አልቀመስኩም። ማኅሌትን ወተት አጠጥቼ ለጎረቤት ሰጠኋት፤ አባቴን ልታመጡት ነው? አለችኝ። አዎ አልኳት። ይህ ውሸት ነው ወይስ አይደለም፣ አላውቅም።

በማንኩሳ መንገድ እንወጣለን። እማሆይና እኔ። አይድከሙ ብላቸው ተቆጡኝ። ይኸው በሩ ላይ ናቸው፣ በትራቸውን ይዘዋል። የቱን ልልበስ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ነጩን ልበሺ፣ ፋሲካ ነው» አሉ።

ነጩን ለበስኩ። ጾሙን የሚፈታበት ዳቦና አይብ በአገልግል ይዣለሁ። ጥቁሩን ነጠላ ደግሞ አጣጥፌ ከዳቦው ሥር ከተትኩት። እንዳያዩብኝ ክዳኑን ገጠምኩበት።